በር ላይ የተሸጠ የውሃ ማጣሪያ፦ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት እኔ ሥራ እያለሁ ሁለት ልጆች ባጅ አንጠልጥለው መጡ። "የአካባቢውን ውሃ ጥራት እየመረመርን ነው" ብለው እናቴን በር አስከፈቷት። በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀድተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ከተቱበት። የእኛ የቧንቧ ውሃ ቡናማ ሆነ፤ የእነሱ ግን ጠርቶ ቀረ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ በጣም ደነገጠች። ማጣሪያውን በ24 ሺህ ብር ለመግዛት ፈረመች። 8 ሺውን እዚያው በቴሌብር ላከች፤ ቀሪው በሁለት ወር ይከፈላል ተብሏል። የመታወቂያዋን ኮፒም ወስደዋል። በኋላ መርካቶ ስጠይቅ ተመሳሳዩ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ሿሿ ተሠርተናል ማለት ነው? አንድ ጓደኛዬ "በ14 ቀን ውስጥ መመለስ መብት ነው" አለኝ። ሌላው "ቀጥታ ፖሊስ ጋ ሂጂ" ይላል። ምን ላድርግ? ለወደፊቱስ እናቴን እንዴት ልጠብቃት?»

ምላሽ፦ የ14 ቀኑ ነገር ውሸት አይደለም። ግን የእኛ ሕግ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በር ላይ ወይም በኢንተርኔት የገዛ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። አሜሪካም ለቤት ለቤት ሽያጭ የ3 የሥራ ቀን ጊዜ ትሰጣለች። ጓደኛዎ ያነበበው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። በእኛ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ በቁጥር 813/2006፣ ቤት ለቤት ለተሸጠ ዕቃ እንዲህ ያለ የሐሳብ መቀየሪያ ጊዜ አልተቀመጠም። «ተጸጽቻለሁና መልሱልኝ» ማለት ብቻውን አያስኬድም።

አዋጁ የሚሰጠው ሌላ መብት ነው። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። የቀኑ ቁጥር ስለሚቀራረብ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። አንዱ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ለሚል ነው፤ ሌላው «ዕቃው ችግር አለበት» ለሚል። ስለዚህ ማጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ፣ ከተባለው ሞዴል የተለየ ከሆነ ወይም ጭራሽ የማይሠራ ከሆነ ቀኑን ከተገዛበት ዕለት ጀምረው ይቁጠሩ። የተገዛው ባለፈው ሳምንት ነው። ጊዜው አላለፈም፤ ግን እየሄደ ነው።

መርካቶ በግማሽ ዋጋ መገኘቱም እንደሚመስልዎ ጠንካራ መከራከሪያ አይደለም። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1710 አንድ ውል ለአንደኛው ወገን በጣም ስላደላ ብቻ እንደማይፈርስ በግልጽ ይናገራል። ነጋዴ አስወደደ ተብሎ አታላይ አይባልም። ወረዳም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ውድ ሸጡብን» ብለው ከጀመሩ ጉዳይዎ እዚያው ይሞታል። መነሻዎ መሆን ያለበት ልጆቹ በር ላይ ያሉት ቃልና ብርጭቆው ላይ የሠሩት ነገር ነው። ጠንካራው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ብርጭቆውን ላስረዳ፤ ብዙ ቤት ያስደነገጠ ጨዋታ ስለሆነ። መሣሪያው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ውሃው ውስጥ የሚገቡ የብረት ዘንጎች አሉት። ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ በደንብ እንዲያልፍ በውሃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናት ያስፈልጋሉ፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና የመሳሰሉት። እነሱ ካሉ ኤሌክትሪኩ ያልፋል። ሲያልፍ ደግሞ የብረቱን ዘንግ ይበላዋል። እናትዎ ያዩት ቡናማ ነገር ከቧንቧ የመጣ ቆሻሻ አይደለም፤ ከዘንጉ የወጣ ዝገት ነው። የእነሱ ውሃ ጠርቶ የቀረው ማዕድኑ ስለወጣለት ነው። ኤሌክትሪክ በቅጡ አያሳልፍም፤ ዘንጉም አይበላም። የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ውሃ እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ቢያስቀምጡት እሱም ጠርቶ ይቀራል። ታዲያ ለመጠጥ ይመረጣል ማለት ነው?

እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ጊዜ ቢገጥምዎ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ያቅርቡለትና «በዚህ ሞክርልኝ» ይበሉት። አምቦ በማዕድን የበለጸገ ስለሆነ እሱም ይጠቁራል፤ ከቧንቧው ውሃም ሊብስ ይችላል። አገር ሁሉ ከምግብ በኋላ የሚጠጣውን አምቦ «መርዝ ነው» ለማለት ካልደፈረ ወሬው እዚያው ያልቃል። እርስዎ ግን በራስዎ እጅ እንዳይሞክሩት። 220 ቮልትና እርጥብ እጅ አብረው አይሄዱም።

እስክሪብቶ የሚመስል መለኪያም አለ። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር ያወጣል። «የእናንተ ሁለት መቶ፣ የእኛ አሥር» ይላሉ። የሚለካው ያው የሟሙ ማዕድናትን መጠን ነው። ባክቴሪያ አይለካም። ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ያለበት ውሃ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ጤናማ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ከፍ ያለ። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል። ውሃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ማዕድን ነው፤ ቆሻሻ አይደለም።

ይህን ስል የቧንቧ ውሃ ምንም አይነካውም እያልኩ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መስመሩ ባዶ ይሆናል፤ ግፊቱ ሲወርድ በተሰነጠቀ ቱቦ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ጣራ ላይ ያለውን ሮቶ ለዓመታት የሚያጥበው የለም። ጀሪካኑም እንዲሁ። የሚያሳስብዎ ይህ ከሆነ መጀመሪያ ሮቶውን ያሳጥቡ፤ የሚጠጣውን ያፍሉ። ማጣሪያም ሊጠቅም ይችላል። ሱቅ ሄደው፣ የምን ችግር እንደሚያጣራ ጠይቀው፣ ፊልተሩ በየስንት ጊዜ እንደሚቀየርና ዋጋው ስንት እንደሆነ አውቀው ሲገዙት ማለቴ ነው። የውሃው ቀለም ወይም ሽታ ከተለወጠ የሚደወለው ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ ቁጥሩ 906።

አሁን ወደ ሕጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 አንድ ሰው ባይታለል ኖሮ የማይገባበትን ውል ተታሎ ከገባበት ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ሻጭ ሆኖ ሳለ መርማሪ ነኝ ብሎ መግባት፣ የዘንግ ዝገትን የቧንቧ ቆሻሻ ነው ብሎ ማሳየት፣ እዚህ ውስጥ ይወድቃል ብዬ አምናለሁ። ቅድም ያነሣሁት አንቀጽ 1710 ሁለተኛ ክፍል ደግሞ አለው። የሰውን ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማነስ መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ከሆነና ውሉ ለሕሊና የሚከብድ ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ። እናትዎ 71 ዓመታቸው መሆኑ ብቻውን ምንም አያፈርስም። ስንት የ71 ዓመት እናት ነጋዴ ታስለቅሳለች! ጥያቄው ሻጮቹ ድንጋጤያቸውንና አለማወቃቸውን ተጠቅመዋል ወይ የሚለው ነው። ውሉን ለማስፈረስ ሕጉ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ሁለት ዓመት አለኝ ብለው ግን እንዳይቀመጡ። በሁለት ወር ውስጥ ስልኩም ሰዎቹም ላይገኙ ይችላሉ።

ፖሊስ ጋ መሄድስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል፤ ቀላል እሥራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ መቀጮም አለው። ወንጀል የሚሆነው ሰውየው ያልተገባ ጥቅም ለማግኘት ብሎ ውሸት ተናግሮ፣ ማንነቱን አስመስሎ ወይም መግለጽ የነበረበትን ደብቆ ሌላውን ንብረቱን እንዲያወጣ ሲያደርገው ነው። ስለዚህ ጣቢያ ሲሄዱ ወሬውን አያብዙት። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብለው ገቡ፣ ባጁ ላይ ምን ተጽፏል፣ ገንዘቡ ወደ ማን ስልክ ሄደ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። እንዲህ ካልሆነ መርማሪው «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልስዎታል። አስመሳይነቱ ካልታየው መርማሪው አይፈረድበትም።

ከፖሊስ በፊት ግን የሚሠሩት አለ። መጀመሪያ ቴሌብር። ወደ 127 ይደውሉና የግብይት ቁጥሩን ይዘው ጉዳዩን ያስመዝግቡ። ገንዘቡ ወጥቶ ካለቀ ቴሌብር ከኪሱ አይከፍልዎትም፤ ላኪው በራሱ ፈቃድ ነው የላከው። ቢሆንም የተቀባዩ ስም መልእክቱ ላይ አለ። ያ ስም ውሉ ላይ ካለው ድርጅት ስም ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ ድርጅት ሸጠልኝ ብለው የግለሰብ ኪስ ውስጥ ከከተቱ፣ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው። መልእክቱን እንዳያጠፉት። እናትዎ ስልክ ውስጥ ሲነካኩ እንዳይጠፋም ፎቶ አንሥተው ይያዙት።

ቀጥሎ ውሉን ያንብቡ። እስካሁን አላነበቡት ይሆናል፤ ብዙ ሰው አያነብም። የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ ማኅተምና አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው? ቁጥሩ ካለ በንግድ ሚኒስቴሩ የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው የንግድ ፈቃዱን ያያሉ። ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ነው። የፈቃዱን ዘርፍም ይመልከቱ። ለሌላ ሥራ የወጣ ፈቃድ ይዞ ማጣሪያ የሚሸጥ ይኖራል። ደረሰኝስ ተሰጥቷል? ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በእጅ የተሞላ «የክፍያ ማስታወሻ» ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ አለመስጠት በሻጩ ላይ የሚቆጠር ጥፋት ነው፤ እርስዎ ላይ አይደለም።

ከዚያ ደብዳቤ። አጭር ይሁን። እናትዎ ናቸው የፈረሙት፤ ደብዳቤውንም እሳቸው ይፈርሙ። መርማሪ ነን ተብሎ እንደተገባ፣ በብርጭቆው ሙከራ እንደተታለሉ፣ በዚህ ምክንያት ውሉን እንደማይቀበሉት፣ ማጣሪያውን ለመመለስ ዝግጁ እንደሆኑና 8 ሺህ ብሩ እንዲመለስ እንደሚጠይቁ ይጻፉ። ዕቃው ጉድለት ካለበትም እሱን ለይተው ይጥቀሱ፤ የ15 ቀኑ መብት እንዳያልፍ። ድርጅቱ ቢሮ ካለው በአካል ወስደው አንድ ኮፒ ላይ ያስፈርሙ። ቢሮ ከሌለው ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩላቸው። ማጣሪያውን አይጠቀሙበት፤ ካርቶኑንም አይጣሉ።

ቀሪውን 16 ሺህ አሁን አይክፈሉ። በዝምታ ግን አይሁን። ዝም ብሎ መቅረት እርስዎን ውል አፍራሽ ያስመስላል። «ውሉን የተቃወምኩት በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ወረቀት ካለዎት ነገሩ ይለያል።

መልስ ካልሰጡ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ሰው አሁንም «የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የት ነው?» እያለ ይፈልጋል። ያ መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። በከተማው ደግሞ ንግድ ቢሮ አለ፤ በክፍለ ከተማና በወረዳ ደረጃም ተዘርግቷል። ወረዳው ገንዘብዎን ተቀብሎ አያስረክብዎትም። ነጋዴውን መጥራት፣ ፈቃዱን ማየት፣ ማስጠንቀቅና ወደሚመለከተው መምራት ግን ይችላል። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከወረዳ መጠራትን ይፈራል። ብዙ ጉዳይ የሚያልቀውም እዚያ ነው። ከዚያ ያለፈው የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ለ8 ሺህ ብር መመላለሱ ያዋጣል ወይ የሚለውን እርስዎ ይወስናሉ። እናትዎ መመላለስ ከከበዳቸው ውክልና ይስጡዎት።

እንግዲህ ተስፋውን በልኩ ልንገርዎ። ድርጅቱ እውነተኛ አድራሻና ፈቃድ ካለው ገንዘቡ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። በእጅዎ ያለው አንድ ስልክ ቁጥርና ፎቶኮፒ ማኅተም ብቻ ከሆነ ግን 8 ሺውን እንደሄደ ይቁጠሩትና ትግሉን 16 ሺውን በማዳን ላይ ያድርጉ። ፖሊስ ጋ ማመልከቱ ያኔም ይጠቅማል። ነገ ሌላ ብሎክ ላይ ሲያዙ የእርስዎ ቃል ይቆጠራል።

በዚህ መሀል ሁለት ነገር ሊገጥምዎ ይችላል። አንደኛው ማስፈራሪያ ነው። «መታወቂያሽ በእጃችን ነው፣ እናስከስስሻለን፣ ዕቃ እናስወጣለን» ይባላል። የመታወቂያ ኮፒ ይዞ ማንም ከቤት ዕቃ አያወጣም። ለዚያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ኮፒውን ከዚህ ውል ውጭ እንዳይጠቀሙበትና እንዲመልሱት በደብዳቤው ላይ ይጨምሩ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ባዶ ልመና አይደለም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው ይደውላል። «ከቴሌብር ነው፣ ገንዘብዎ ሊመለስ ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። አንዴ የተታለለ ሰው ስልክ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የምሥጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን፣ ስልኩን ይዝጉበት።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ለጎረቤቶችዎ። ልጆቹ ተመልሰው ቢመጡ ግቢ ውስጥ መቆለፍ፣ ስልክ መቀማት፣ መደብደብ የለም። ከሳሽ መሆን የነበረበት ሰው ተከሳሽ ሆኖ ይገኛል። 991 ደውሎ ፖሊስ መጥራት በቂ ነው። በዚያ ላይ በር የሚያንኳኳው ልጅ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ በኮሚሽን ነው የሚሠራው። ቃሉን አሸምድደውት ነው የላኩት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ዝገት መሆኑን እሱም ላያውቅ ይችላል። ይህ ነጻ አያወጣውም። ግን ዋናውን ሰው በር ላይ አያገኙትም።

እናትዎን አይቆጧቸው። የተሸነፉት ስለማያስቡ ሳይሆን ይሉኝታ ስላላቸው ነው። ሰው ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ምናልባት ቡናም ቀምሶ፣ ለግማሽ ሰዓት ሲለፋ «አልፈልግም፣ ውጣ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሻጮቹ የሚሠሩት በዚህ ነው። የሚመጡት የቤቱ ልጆች ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት ነው። «እማማ» እያሉ ይገባሉ። «ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬም ወስደዋል» ይላሉ። «ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» ይላሉ። ዛሬ ካልሆነ ነገ የማይገኝ ማጣሪያ የለም። ጥድፊያው የመጣው እናትዎ ልጃቸውን ከማማከራቸው በፊት መፈረም ስላለባቸው ነው።

ማጣሪያ ብቻም አይደለም። ሶኬት ላይ ተሰክቶ «የመብራት ቆጣሪን በግማሽ የሚቀንስ» ትንሽ ሳጥን ይዞራል። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው በተጠቀሙበት ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ያንን አይቀንስም። ብዙ የሚበላው ምጣዱ ነው፤ ምጣዱ ደግሞ ሳጥን ስለተሰካ ያነሰ አይበላም። «ከመብራት ኃይል ነን፣ ቆጣሪ ልንቀይር ነው» ብሎ ጥሬ ብር የሚጠይቅ ካለ በሩን ሳይከፍቱ 905 ደውለው ያጣሩ። ከውሃ ነን ለሚል 906፣ ከቴሌ ነን ለሚል 994። ስኳርና ደም ግፊት ያድናል የሚባል ዱቄትና እንክብል በር ላይ አይገዛም። ከሁሉ በላይ ግን የእናትዎን መድኃኒት አስቁሞ በእሱ እንዲተኩት የሚመክር ሰው አደገኛ ነው። ለዚህ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 አለ። ስም በሌለው የውሃ ፕላስቲክ የሚሸጥ የበረሮና የትኋን መድኃኒትም በር ላይ አይገዛም። ውስጡ የእርሻ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ነው ብሎ ያነሣዋል። «ሁለት ሰው አምጪና የራስሽ ገንዘብ ይመለሳል» የሚልዎት ካለ ደግሞ የፒራሚድ ሽያጭ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ይከለክለዋል።

ቤት ለቤት መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። ልዋጩ፣ ቆራሌው፣ ጎመንና ሽንኩርት የምታዞረው እናት በዚህ ከተማ ለዘመናት ኖረዋል። እነሱ ጋ የሚደረገው ግብይት ትንሽ ነው፤ ዕቃው በዓይን ይታያል፤ ሰውየውም ነገ በዚያው መንገድ ያልፋል። አደጋው ዕቃው ውድ፣ ጥቅሙ በዓይን የማይታይ፣ ሻጩም ነገ የማይገኝ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ድርድርም የለውም። በእናትዎ ቤት በር ላይ ገንዘብ አይከፈልም፣ ወረቀት አይፈረምም፣ መታወቂያ አይሰጥም። ዕቃው ጥሩ ቢሆንም፣ ሻጩ ጨዋ ቢሆንም፣ ዋጋው ቢረክስም። ይህ ደንብ የተሠራው ክፉ ሻጭን ከጥሩው ለመለየት አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ መለየት አይቻልም። የተሠራው መለየቱን ለሌላ ቀን ለማቆየት ነው። እውነተኛ ሻጭ ስልኩንና የሱቁን አድራሻ ትቶ ይሄዳል። ሌላው ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ ወይም ዋጋ ይቀንሳል።

ይሉኝታውን ለማለፍ እናትዎ «አልፈልግም» ማለት የለባቸውም፤ ይከብዳቸዋል። «ገንዘቡን የምትይዘው ልጄ ናት፤ ስልክህን ጻፍልኝ፣ እሷ ትደውላለች» ይበሉ። ማንንም አያስቀይምም፤ ውሸትም እንዳይሆንባቸው በእርግጥ እንዲህ ያድርጉት። ቴሌብራቸው ላይ ለአስቤዛና ለካርድ የሚሆን ብቻ ይተዉ፤ ቀሪው ባንክ ይቀመጥ። በሩ ላይ የደህንነት ሰንሰለት ያስገቡ። «መርማሪ ነኝ» ለሚል ሰው መልሱ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት? ደብዳቤውን በሩ ሥር አስገባልኝ» ነው። መንግሥት እንኳ ሕግ ሳይፈቅድለት ቤት ገብቶ መፈተሽ እንደማይችል መርሑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተቀምጧል። ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ ከዚያ አይበልጥም።

ብሎኩስ? የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ የሆነውን ዛሬ ይጻፉት፤ የሰዎቹን ስም ሳይሆን አሠራራቸውን። አፍረው ዝም ያሉ ሌሎች ሁለት ሦስት ቤቶች መውጣታቸው አይቀርም። ከወጡ አቤቱታው የጋራ ይሁን፤ ወረዳም ፖሊስም ከአንድ ሰው ይልቅ አራት ሰው ሲመጣ ፈጥኖ ይሰማል። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ደግሞ ጥበቃ ጋ መዝገብ ያስቀምጥ፤ ለሽያጭ የመጣ ሰው ስሙን፣ ድርጅቱንና ማን ጋ እንደሚሄድ ሳያስመዘግብ እንዳይገባ ይወስን። ውሳኔው በጽሑፍ ሆኖ ለጥበቃው ይሰጠው። በቃል ብቻ ከሆነ ሻጩ መቶ ብር ሸጎጥ አድርጎለት ያልፋል።